ሐምሌ ሲያንኳኳ

ስንሻው ትናንት ከምሳ በኋላ ሶፋው ላይ ጋደም ባለበት እንቅልፍ ጣለውና ሕልም አየ። ባለቤቱ ጥሩወርቅ የቀን ቅዠት ትለዋለች፤ ምሳ ሲበዛ የሚመጣ ነው ትላለች። እሱ ግን ሕልም ነው ብሎ ድርቅ ብሏል። ለምን እንደደረቀ መጨረሻው ላይ ይገባችኋል።

ስንሻው የሠርግ ድንኳንና ወንበር አከራይ ነው። ለልጁ ለኤልዳና፣ ገና ፊደል ሳትቆጥር፣ ሐይቁ ዳር የተሠራችውን የመጫወቻ ከተማ አሳይሻለሁ ብሎ ቃል ገባላት። ዥዋዥዌ ከተማ ይሏታል፤ መንገዱም ቤቱም ጨዋታ ነው አሉ። ስንሻው ደግሞ ነገር ሲያደርግ አሳምሮ ነውና ለጉዞው የሚሆን ጥሩ ወር ይመርጥ ጀመር። ይኸው እስካሁን ይመርጣል፤ አሁን ደግሞ ለጥር ብሏል። ልጅቷ በዚህ መሐል ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ክረምቱን ቤት ተቀምጣለች። ትናንት ምሳ ላይ ታዲያ፣ "አባዬ፣ ትንሿ ባቡር ረጃጅም ልጆችን አታሳፍርም አሉ። ጥር ላይ ምን ያህል እረዝማለሁ?" ብላ ጠየቀችው። እሱ አንድ ጉርሻ አጎረሳትና ሄዶ ተኛ።

ዐይኑን ከመክደኑ ከኤልዳና ጋር የዥዋዥዌ ከተማ በር ላይ ቆመው ነበር። የሰው ወረፋ አልነበረም። የተሰለፉት ጨዋታዎቹ ነበሩ። ባቡሯ፣ ጀልባዎቹና ትልቁ መንኮራኩር ፀሐይ ላይ ቆመው ሰው ይጠብቃሉ፤ መንኮራኩሩ፣ "መጨረሻው ማነው?" እያለ ይጠይቃል። የእንጨት ፈረሶቹ ተራ ደርሷቸው ሰው ይጋልቡ ነበር። አንድ ቦርጫም ሰውዬ ቀይ ፈረስ አዝሎ እያለከለከ በአጠገባቸው አለፈ።

"ሁለት ዙር ነው የቀረኝ" አለ ሰውዬው።

"አይዞህ፣ ደርሰሃል" አለው ስንሻው።

በሩን የሚጠብቀው ነጭ የፕላስቲክ ወንበር ነበር። ወንበሩ አንድ ሽማግሌ ጭን ላይ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። ስንሻው ከወንበሩ ሆድ ሥር ያለችውን ቀይ የቀለም ምልክት ሲያይ አወቀው። የራሱ ወንበር ነው፤ ሠርግ ቤት እንዳይጠፋ ብሎ በእጁ የቀባው።

"እንኳን ደህና መጣህ ጌታዬ" አለ ወንበሩ። "ቁጭ በል እንዳልልህ፣ እዚህ የሚቀመጠው እኔ ነኝ።"

"ልጄን ላስገባ ነበር።"

"ወር ምረጥና አስገባ። እዚህ ሰው ወር አይጠብቅም፤ ወር ነው የሰው ደጅ የሚጠናው። ልጅቷ ግን ከዚህች መስመር ከበለጠች አትገባም።"

በመቃኑ ላይ መስመር ተሰምሯል። ኤልዳና ሄዳ ተጠግታ ቆመች። በአናቷና በመስመሩ መካከል አራት ጣት ነበር። ስንሻው ሰፊ ጊዜ አለን ብሎ ደስ አለው። ከቆርቆሮው አጥር ወዲያ ግን አንድ የሚያንኳኳ ነበር።

"እሱ ማነው?"

"ሐምሌ ነው፤ ተወው" አለ ወንበሩ። "ማንም መርጦት አያውቅም።"

መጀመሪያ የቀረበው መስከረም ነበር። ጆሮው ላይ አደይ ሰክቷል፤ አገር ምድሩን ከኋላው አስከትሏል። "እኔን ያየ ሌላ አያምረውም" አለ። ስንሻው ከላይ እስከ ታች አየውና፣ "ሰው ይበዛብሃል፤ ደግሞ ትምህርት ቤት ትከፍትብኛለህ" አለው። መስከረም አኩርፎ ሄደ። ያን ጊዜ የኤልዳና እጅጌ አጥሮ ክርኗ ላይ ደረሰ። ስንሻው ልብሱ ታጥቦ ተሰብስቦ ነው ብሎ አለፈው።

ጥር ሱፉን ለብሶ፣ እንደ ሙሽራ መኪና ሪባን ታስሮበት፣ ጥሩምባውን እየነፋ ከተፍ አለ።

"አንተማ የእንጀራዬ ባለቤት ነህ" አለው ስንሻው። "ግን እኔ ልጫወት ስሄድ ድንኳኑን ማን ይተክላል?"

"ድንኳኖቹ ናቸዋ።"

እውነትም ከጥር ኋላ ድንኳኖቹ ካስማ እየተቀባበሉ ራሳቸውን ይተክሉ ነበር። አንዷ እንዲያውም የሙሽሮቹን ሚዜዎች በገመድ ወጥራ አስራቸዋለች። ስንሻው አላመነም፤ ድንኳን ከመቼ ወዲህ ይታመናል? ጥርን አሰናበተው። ኤልዳና፣ "አባዬ፣ ጫማዬ ጠበበኝ" አለች። ድምጿ ወፈር ብሏል።

የካቲት ከስቶ መጣ።

"ከአንተ ጋር ጾም ይገባል" አለው ስንሻው።

"ዥዋዥዌ አያስገድፍም" አለ የካቲት በትሕትና።

"ሰው ምን ይላል?"

የካቲትም ተመለሰ። ሰኔ የፈተና ወረቀት ታቅፎ መጣ፤ ስንሻው ወረቀቱን ሲያይ መንገዱን አሳየው። ጳጉሜ ከጉልበቱ አይበልጥም ነበር፤ እየተንጠራራ፣ "እኔ ሌላ አገር የለሁም፤ ከእኔ ጋር ብትመጣ ፈረንጅ አይጋፋህም" ብሎ ለመነው። "አንተ ገና ቦርሳ ስናዘጋጅ ታልቃለህ" ብሎ እሱንም መለሰው። ስንሻው እንዲህ ነው፤ ዕጩ ሲበዛለት ዓይኑ ወደ ላይ ይወጣል።

ሌሎቹም ወሮች እንዲሁ እየተመለሱ አለቁ። ኳኳታው ግን አላቆመም። በመጨረሻ ሐምሌ በአጥሩ ላይ ብቅ አለ። ላስቲክ ተከናንቧል፤ ውኃው ከአፍንጫው ይንጠባጠባል።

"እኔ ምንም የለኝም" አለ አንገቱን ደፍቶ። "ሠርግ የለኝም፣ ትምህርት የለኝም። አንተም ከእኔ ጋር ሥራ የለህም።"

"አንተንማ ማን ይመርጣል? ጭቃ ነህ እኮ" አለና ፊቱን አዞረበት።

ሲዞር ኤልዳናን አጣት። የቆመችበት ቦታ ላይ መነጽር ያደረገች፣ ጠጉሯ የሸበተ ረጅም ሴት ቆማለች። የመቃኑ መስመር ወገቧ ላይ ነው። ሴትየዋ ልታናግረው ጎንበስ አለች።

"ደከመህ፣ ልጄ?" አለችው።

ስንሻው ዐይኗን ሲያይ አወቃት። 

"ኤልዳና፣ ትንሽ ብቻ ታገሺኝ። ጥሩውን ላገኝልሽ ነው።"

"ታገስኩህ እኮ። አሁን ጉልበቴን ያመኛል፤ ዥዋዥዌው ይቅርብኝ።" እጇን አናቱ ላይ አደረገች። "አንተ ግባና ተጫወት። አንተን ያስገቡሃል።"

ወደ መቃኑ ቢያይ እሱ ልጅ አክሏል፤ በአናቱና በመስመሩ መካከል አራት ጣት አለ። ባቡሯ በሯን ከፍታ ትጠብቀዋለች። ስንሻው ግን ብቻዬን አልገባም ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ልጁን አስረጅቶ የሚጫወተው ጨዋታ ምን ያደርግለታል?

"ሐምሌን ጥራልኝ" አለው ወንበሩን።

"ሐምሌ ምን ይጠራል? ይከፈትለታል እንጂ" አለ ወንበሩ፤ እግሩን ገልብጦ አነባበረ።

ስንሻው ወደ አጥሩ ሮጠ። ቆርቆሮውን በሁለት እጁ ይዞ ጎተተ። ኳኳታው በረታ፤ ቆርቆሮው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይደበደብ ጀመር። ነቃ።

ዝናቡ ጣሪያውን ይወቅጠዋል። ኤልዳና ሶፋው አጠገብ ነጭ ወንበር ላይ ተቀምጣ ታየዋለች። ወንበሩ ከሥር ነው፤ እሷ ከላይ ናት፤ እግሮቿ መሬት አይደርሱም። ስንሻው እጁን በእግሯና በወለሉ መካከል ሰደደ። መዳፉ ሳይነካካ አለፈ።

"ተመስገን" አለ። ከላዩ ላይ ፈረስ የወረደለት መሰለው።

"ምን ሆነህ ነው አባዬ?"

"ነገ ጠዋት ዥዋዥዌ ከተማ እንሄዳለን።"

ኤልዳና በመስኮቱ ዝናቡን አየች፤ ከዚያ እሱን አየችው። ግንባሯን ልክ እንደ እሱ ቋጠር አድርጋ አሰበች።

"በሐምሌ?" አለች። "ጭቃ ነው እኮ አባዬ። ለጥር ብናደርገው አይሻልም?"

"ቅዠት ይረሳል፤ ሕልም ግን ይፈጸማል። በሐምሌ ነው የምንሄደው" አላት ስንሻው። ጎንበስ ብሎ ከወንበሩ ላይ ብድግ አደረጋት። አልከበደችውም።