ባሕርን ሳሎን ውስጥ ስለማቆየት

ልጄ ሶስና ሞታለች። ስድስት ዓመቷ ነበር።

ይህን ያስቀደምኩት መጨረሻው ላይ ደርሳችሁ እንዳትደነግጡ ብዬ ነው። የማወራችሁ ስለ ዓሣ ነው። ስለ ዓሣ ማውራት ይቀላል።

ሰው አገሩ ያልሰጠውን ነገር ቤቱ ማስገባት ይወዳል። ደገኛ በቆርቆሮ ጣሳ ሙዝ ይተክላል፤ አይበቅልም፣ ግን ይተክላል። የእኔ ደግሞ ባሰ። አገራችን ባሕር የላትም፤ ሆሳዕና ከተማ ደግሞ ከሌለን ባሕር እንኳ በጣም ትርቃለች። እኔ ግን ሳሎኔ ውስጥ ሁለት መቶ ሊትር ባሕር አለኝ። የጨው ውሃ፣ ኮራል የሚባለው ድንጋይ የሚመስል እንስሳ፣ ዓሣ፣ ሰማያዊ መብራት። ጎረቤት ሲመጣ መጀመሪያ እሱን ያያል፣ ቀጥሎ እኔን ያያል፣ ከዚያ ሚስቴን አስቴርን "አይዞሽ" ይላታል።

እኔ ፍሪጅ ጠጋኝ ነኝ። አኳሪየሙን፣ ማለት የመስታወት ገንዳውን፣ ያስመጣው አንድ የሆቴል ባለቤት ነበር፤ መግቢያው ላይ አቆመው። ፓምፑ ሲበላሽ እኔን ጠሩኝ። ቅዝቃዜ የሚያዞር ሰው ውሃ ማዞር አያቅተውም ብለው ነው። ባለቤቱ ግን በዓመቱ ሰለቸው። የሚገባው እንግዳ ሁሉ መስታወቱን እያየ "ጥብሱ መቼ ይደርሳል?" ይለዋል። በመጨረሻ በቦታው ትልቅ ቴሌቪዥን ሰቀለና "ውሰድልኝ" አለኝ። ውሃውን በጀሪካን፣ ድንጋዩን በባልዲ፣ ዓሣውን በፌስታል አድርጌ በባጃጅ አመላለስኩት። ሶስና የመጨረሻውን ፌስታል እቅፏ ላይ አድርጋ መጣች። ሰፈር እስክንደርስ አልተነፈሰችም።

እንደኔ ልሞክር የምትሉ ካላችሁ የማውቀውን ልንገራችሁ። ብዙ አይደለም፤ ሁሉንም በማጥፋት ነው የተማርኩት።

መጀመሪያ መቸኮል የለም። ውሃውና ድንጋዩ ገብቶ፣ ፓምፑ እየዞረ፣ ዓሣ ሳይኖርበት ወር እና ከዚያ በላይ ይቆማል። ቆሻሻውን የሚበሉ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ድንጋዩ ላይ እስኪበዙ ነው። ባዶ ውሃ ቁጭ ብሎ ማየት ነው ሥራው። ሰው ይስቅባችኋል፤ ይሳቅ። የሆሳዕና ብርድ ለባሕር ዓሣ አይሆንም፤ ማሞቂያ ያስፈልጋል፣ ሃያ አምስት ዲግሪ አካባቢ። መኖ በቀን አንዴ፣ ቆንጠር ተደርጎ። እኛ አገር ፍቅር የሚገለጸው በማጉረስ ስለሆነ ይህች ትከብዳለች። ዓሣ ግን "በሞቴ" ሲባል እምቢ ማለት አያውቅም፤ የተረፈው ይበሰብስና ሁሉንም ይገድላል። ሳሙና የነካው እጅ አይገባም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ውሃውን በጣሳ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ ነው፤ ሲወድቅ አየር ይዞ ይገባል።

ቀጥሎ ጨው። "ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ" የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቃለን። የወጥ ጨው ግን ለዓሣው ሲል አይጣፍጥም። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ የባሕር ጨው አለ፤ ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ሠላሳ አምስት ግራም ገደማ። እኔ ከአዲስ አበባ በሚኒባስ ነው የማስመጣው። ሾፌሩ ባልዲውን ሲያወርድልኝ "ይሄ ሁሉ ጨው ለምንድን ነው?" አለኝ። ለዓሣ ነው አልኩት። "ታዲያ መጀመሪያ አይጠበስም?" አለ።

አጎቴ ጋሽ ላምቤቦ ይህን ነገር ሰሙ። የሚኖሩት ሆመቾ አካባቢ ነው፤ ከብት ያረባሉ። አንድ ቅዳሜ ግማሽ ጆንያ ቦሌ ተሸክመው መጡ። ቦሌ ከብት የሚልሰው ጨዋማ አፈር ነው።

"የአዲስ አበባ ጨው ምን ያደርግልሃል?" አሉኝ። "የኔ በሬዎች በዚህ ነው የወፈሩት።"

"ጋሼ፣ ዓሣ አይልስም" አልኳቸው።

"አቅርበህለት ታውቃለህ?"

አላውቅም ነበር። ጆንያው ዛሬም ጓዳ አለ። እምቢ እንዳልኳቸው እንጂ ለምን እንዳልኩ አልገባቸውም። ሶስና ግን ከአኳሪየሙ ፊት አስቀምጣ ውሃውን በጣሳ ቀድቶ ከፍ አድርጎ ማፍሰስ አሳየቻቸው፤ እሷን ሰሟት። እኔን ሰምተው አያውቁም።

ሶስና ሁለት ሥራ ነበራት። አንዱ ስም ማውጣት ነው። ብርቱካንማውን፣ ነጭ ቀበቶ ያለውን ዓሣ "ቲቸር" አለችው። ለምን ስላት "ሁልጊዜ አፉን ያንቀሳቅሳል፣ ምን እንደሚል ግን አይሰማም" አለችኝ። አንደኛ ክፍል በገባች በሳምንቱ ነው።

ሁለተኛው ሥራዋ ውሃ መጨመር ነበር። ይህን አስተውሉ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ውሃው በየቀኑ ይጎድላል። የጎደለው ግን ውሃው ብቻ ነው፤ ይተናል። ጨው አይተንም። ውሃው ሲሄድ ጨው እዚያው ይቀራል፣ የቀረውም ይበረታል። ስለዚህ የጎደለውን በጨው ውሃ ከሞላችሁት በየቀኑ እየመረረ ሄዶ ይገድላቸዋል። የሚጨመረው ንጹሕ ውሃ ብቻ ነው። መስታወቱ ላይ የውሃውን ልክ የሚያሳይ ፕላስተር እሷ ለጠፈች፤ ጠማማ ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ በርጩማ ላይ ትቆምና ሁለት ጣሳ ትጨምራለች። ሁልጊዜ ሁለት። "ሁለት ጣሳ፣ ጨው የለም" እያለች።

አንድ ቀን "የጎደለው ውሃ የት ይሄዳል?" አለችኝ።

"አየር ውስጥ። እዚሁ ቤት ውስጥ ነው ያለው።"

"እና እንተነፍሰዋለን?"

"አዎ።"

አሰበችና "ቲቸርም የኛን?" አለችኝ። ፓምፑን መነካካት ጀመርኩ። ፍሪጅ ጠጋኝ ነኝ።

ሳንባዋን ታመመች። አራት ቀን ነው የቆየችው። ስለ አራቱ ቀን አላወራም።

ለቅሶ ሲሆን የኛ ሰው ሥራውን ያውቃል። እኔ ከሆስፒታል ሳልመለስ ድንኳኑ ቆሟል፣ የሳሎኑ ዕቃ ተነሥቷል፣ ፍራሽ ተነጥፏል። ወንዶች ድንኳን፣ ሴቶች ቤት። እኔን ግራና ቀኝ ሰው ይዞኝ ድንኳን ውስጥ አስቀመጡኝ፤ ከአዲሎ፣ ከሙዱላ፣ ከየትም ሰው ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ይሄዳል። የዓሣው ነገር ትዝ አላለኝም። ውሸት ለምን እላለሁ፤ ሁለት ቀን ሙሉ አንዴም ትዝ አላለኝም።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሸሚዝ ልቀይር ቤት ገባሁ። አኳሪየሙ ሙሉ በሙሉ በጋቢ ተሸፍኗል። የጋሽ ላምቤቦ ጋቢ ነው። ፓምፑ አይሰማም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለቅሶ ቤት ሬዲዮ ይጠፋል፣ ቴሌቪዥን ይጠፋል፤ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ጋሽ ላምቤቦ በመጀመሪያው ቀን ሲገቡ ሳሎኑ ውስጥ ሰማያዊ መብራት በርቷል፣ ውሃው ይፍለቀለቃል፣ ዓሣው ይዘላል። ሰርግ ቤት ይመስላል። ሰው ምን ይላል? ሶኬቱን በሙሉ ነቀሉት። ከዚያ የራሳቸውን ጋቢ አውልቀው አለበሱት። ሁለት ቀን በብርድ ያለ ጋቢ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠዋል። ፓምፑን ነቀሉ፣ ማሞቂያውንም ነቀሉ። ክብር ነው። ከክብር የተነሳ የሚሞት ነገር ብዙ ነው።

ጋቢውን ገለጥኩ። ሽታው ወጣ። ኮራሉ ቀለሙ ሄዶ ልጋግ ይዟል። ሁለቱ ትንንሽ ዓሣዎች ከታች ተጋድመዋል። ቲቸር ከላይ ነው፣ የውሃው ፊት ላይ፣ በጎኑ ዘመም ብሎ። አፉን ያንቀሳቅሳል።

ሶኬቱን ሰካሁ። ምንም የለም። መብራት ጠፍቷል። ሁለት ቀን ሙሉ ሳይቆራረጥ የነበረ መብራት፣ አሁን።

ጋሽ ላምቤቦ ከኋላዬ ቆመው ነበር። የሆነውን ከፊቴ አነበቡት።

"እኔ ነኝ" አሉ። "የሷ ናቸው አይደል?"

"የቀረው አንድ ነው" አልኳቸው።

እጅጌያቸውን ሰብስበው ጣሳውን አነሡ፤ እሷ ያሳየቻቸውን ያስታውሳሉ። ቀዱ፣ ከፍ አደረጉ፣ አፈሰሱ። ቀዱ፣ ከፍ አደረጉ፣ አፈሰሱ። ለቀስተኞቹ ሴቶች ከፍራሹ ቀና ብለው አዩ። በር ላይ የደረሱ አንዲት አሮጊት አማተቡና "ለኔም ትንሽ፣ ወገቤን ያመኛል" አሉ። ጎረቤታችን ነጂማ ሰማቻቸው። ቅመም ነጋዴ ናት፤ ምላሷም በርበሬ ነው።

"ጠበል አይደለም እማማ፣ ዓሣ ነው።"

"ዓሣ ነው? ታዲያ ምን ሆነ?"

"ታፈነ። ሁለት ቀን ሙሉ ቤቱን ሞልተን ስንተነፍስ እሱን ረሳነው።"

ነጂማ ውሃው ውስጥ ጣቷን ልትነክር ስትል "ሳሙና" አልኳት። እጇን መለሰች። ቀዝቅዟል፣ መሞቅ አለበት አልኳት። ጓዳ ሄዳ የሞቀ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙሶች ሞልታ፣ ክዳናቸውን አጥብቃ መጣች፤ አንሳፈፍናቸው። ሲቀዘቅዙ ትለውጣለች። ማሞቂያ በሌለበት ይህ ይሠራል፤ ጻፉት።

የኛ ሰው ተራ ማውጣት ያውቅበታል። ለቅሶ ላይ እንጨት በተራ ነው፣ ውሃ በተራ ነው፣ ማደር በተራ ነው። ጣሳውም ተራ ተያዘለት። ጋሽ ላምቤቦ ክንዳቸው ሲዝል ነጂማ፣ ከዚያ የጎረቤት ልጃገረዶች፣ ከዚያ ከሙዱላ የመጣ የማላውቀው ሰውዬ። ሰውዬው "ማንን ነው የምናድነው?" ብሎ ጠየቀ። "ቲቸርን" አሉት። ራሱም አስተማሪ ነው መሰለኝ፣ ከሁሉም የበለጠ ለፋ።

በመሐል ጋሽ ላምቤቦ ፕላስተሩን አዩ። ውሃው ከሱ በታች አራት ጣት ጎድሏል። ከታመመች ጀምሮ የጨመረበት የለም።

"ጎድሏል" አሉ። "የባሕር ዓሣ ነው፤ ያጣው ጨው ነው። ቦሌው የት ነው?"

አፌን ሳልከፍት ከፍራሹ በኩል ድምፅ መጣ።

"ጨው አይጨምሩበት ጋሼ።"

አስቴር ናት። ከቀብር ወዲህ ቃል አልወጣትም ነበር። ሰዉ ሁሉ ዞረ።

"ውሃው ነው የሄደው" አለች። "ጨው አልሄደም። ንጹሕ ውሃ ብቻ ነው የሚጨመረው።"

ከዚያ ተነሥታ መጣችና ጣሳውን ከሰውዬው ተቀበለች። በርጩማው ላይ ግን አልቆመችም፤ በእግሯ ወደ ጎን ገፋችው። ብዙ ቀዳች፣ ብዙ አፈሰሰች። ማንም ተራሽ አልቋል አላላትም።

መብራት የመጣው ሊመሽ ሲል ነው። ፓምፑ ተንኳኳ፣ ቆመ፣ እንደገና ተንኳኳና ዞረ። ጋሽ ላምቤቦ ሰማያዊውን መብራት ሲያዩ እጃቸው ወደ ሶኬቱ ሄደ፣ ከመንገድ ተመለሰ። ከዚያ ጋቢያቸውን ለበሱ። ጫፉ ረጥቦ ነበር።

ኮራሉ አልዳነም። ወደፊትም የሚድን አይመስለኝም። ቲቸር ከላይኛው ውሃ ወርዶ ድንጋዩ ሥር ገባ። እዚያ ሆኖ አፉን ያንቀሳቅሳል።

ሁለት ቀን ያለ ማሞቂያ እንዴት እንደቆየ አሰብኩ። ከውጭ ብርድ ነበር። ቤቱ ግን በሰው ትንፋሽ ሞቆ ነበር፤ መስታወቱ ሁሉ ላብ ይዞ ነበር። ልጄ "ቲቸርም የኛን?" ብላ ለጠየቀችኝ መልሱ አዎ ነው መሰለኝ። ዘገየሁ።

የጎደለው ውሃ ባንድ ቀን አይሞላም። ድንገት ሲለወጥ ዓሣው አይችለውም፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ነው። ለቀስተኛው ወደ ድንኳኑ ሲወጣ ከተጣራው ጀሪካን ሁለት ጣሳ ንጹሕ ውሃ ጨመርኩ። ፕላስተሩ ጋ አልደረሰም።