ሁለት ሲሲ የጎደለው ሽምግልና

ወንድ ልጅ የመኪና ኮፈን የሚከፍተው ለማየት አይደለም፤ ለመታየት ነው! አትቆጡኝ። መንገድ ዳር የተበላሸ መኪና ስታገኙ ልብ ብላችሁ እዩ። ባለቤቱ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ወገቡን ይዞ፣ ሞተሩን እንደ ተከሳሽ ትክ ብሎ ያየዋል። አላፊ አግዳሚው ይሰበሰባል። አንዱ «ባትሪ ነው» ይላል፤ ሌላው «ፓምፕ ነው» ይላል። «ለመሆኑ ነዳጅ አለው?» ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም።

እኔ ከእነዚህ ወገን አይደለሁም። በድንበር ከተማችን፣ ሄሉ በሚባለው ሰፈር፣ ቦዳቦዳ የምንላቸውን የኪራይ ሞተር ሳይክሎች እጠግናለሁ። ማንም አላስተማረኝም፤ እየፈታሁ ነው የተማርኩት። (መልሶ መግጠሙ መጀመሪያ ላይ ትንሽ አስቸግሮኝ ነበር...) ብዙ አልናገርም። ስናገር ደግሞ በቁጥር ነው፤ ቁጥሩንም አላጠጋጋም። ይህ ጠባዬ ሚስት ሊያሳጣኝ ምንም አልቀረው!

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰናይትን ላገባ ፈለግሁ። እሷ እሺ አለች። የቀሩት አባቷ ነበሩ። ጋሽ ማሞ ከከተማው ወጣ ባለችው ቡቲዬ ከመቀመጣቸው በፊት ዕድሜያቸውን ሙሉ ትልልቅ የጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ፣ ሰውን በስሙ ሳይሆን በሚነዳው መኪና የሚያስታውሱ ሰው ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ ተቀምጠው የመንገዱን ድምፅ ይሰሙና «ስምንት ሲሊንደር፤ አንዱ ታሟል» ይላሉ። እውነትም አንዱ ታሞ ይገኛል።

ታዲያ እሳቸው ዘንድ የሚላኩ ሽማግሌዎች በምን ይሂዱ? ሦስት የተከበሩ ሰዎች በቦዳቦዳ ተፈናጥጠው? በዚህ ስጨነቅ የአክስቴ ልጅ ዮናስ ከናይሮቢ ከተፍ አለ፤ በቀይ የስፖርት መኪና! ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ከመሬት ዐሥራ ሦስት ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለች። (ለክቼዋለሁ።)

«ጋሽ ማሞ ይህችን ካዩ ልጃቸውን መርቀው ነው የሚሰጡህ» አለኝ። ራሱ ሊነዳልኝም ቃል ገባ። ለእንግድነቱ የተሰጠው የግመል ወተት ግን ናይሮቢ የለመደ ሆዱን አሸነፈውና በቀጠሮው ቀን ቁልፉን በመጸዳጃ ቤቱ በር ሥር አሾለከልኝ።

ሽማግሌ ሲላክ ጠያቂው ልጅ አብሮ እንደማይሄድ ታውቃላችሁ። ነውር ነው! ሌላ ሹፌር ከየት ይምጣ? ደግነቱ ጋሽ ማሞ መልኬን አያውቁም። ኮፍያዬን እስከ ቅንድቤ ደፍቼ «እኔ ሹፌር ነኝ፣ ሌላ ምንም አይደለሁም» እያልኩ ተነሳሁ።

የኋላውን ወንበር አስቀድሜ ለክቼው ነበር። ከወንበሩ እስከ ጣሪያው ሰማንያ አራት ሴንቲ ሜትር፤ ለሽማግሌ ይበቃል። ያልለካሁት የኦቦ ጉዮን ጥምጣም ነው። ኦቦ ጉዮ የቤት አከራዬ፣ የቦረና ሰው፣ የሽማግሌዎቹም አፈ ጉባኤ ናቸው። አንገታቸውን አጥፈው ትከሻቸው ላይ አሳርፈው «ያ ዋቅ! ይሄ መኪና ነው ወይስ ጫማ?» አሉ። ከዚያ በኋላ ጉድጓድ በመታን ቁጥር ሦስቱም በአንድ ድምፅ ከማቃሰት በቀር የተናገሩት የለም።

ቡቲዬ ደረስን። በወጉ ሽማግሌ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብሎ ደጅ ላይ ይቆማል። የእኔዎቹ ጉልበታቸው አልዘረጋ ብሏቸው ማንም ሳይጋብዛቸው ደጁ ላይ የተጋደመ ግንድ ላይ ተደርድረው ቁጭ አሉ! ጋሽ ማሞ ግን ይህንን አላዩም። ዓይናቸው ቀይዋ ላይ ነው።

«እስቲ ኮፈኗን ክፈተው ልጄ» አሉኝ፣ እኔን ሳያዩ።

ከፈትኩት። አጎነበሱ። በግራ አዩ፤ በቀኝ አዩ፤ ከሥር አዩ።

«የቀረውስ?»

«ምኑ ጋሼ?»

«የሞተሩ ነዋ!»

«ይሄው ነው ጋሼ። አራት ሲሊንደር። አንድ ሺህ አምስት መቶ ዘጠና ስምንት ሲሲ።»

እዚህ ላይ «ሦስት ሺህ» ብል ማን ይቆጣጠረኛል? እናንተ ብትሆኑ ትሉ ነበር። አፌ እንቢ አለኝ።

«ይሄማ የስፖርት መኪና አይደለም» አሉ ጋሽ ማሞ፤ «ኮት የለበሰ ቦዳቦዳ ነው!»

«ተርቦ አለው ጋሼ። የሚወጣው ጭስ አንዲት ትንሽ መዘውር ያሽከረክራል። እሷ ደግሞ እንደ አንጥረኛ ወናፍ አየር ወደ ሞተሩ ትነፋለች። አየር ሲበዛ እሳቱ ይበረታል። ዛሬ በስፖርት መኪናም ትልልቁን ሞተር እያወጡ ትንሹን በተርቦ እየተኩ ነው።»

ይህ ለእኔ የወር ንግግር ነው። ላብ አጠመቀኝ።

«ተርቦን እኔ ነኝ የማስተምርህ! ለጭነት መኪና፣ ዳገት ላይ፣ እሺ ያግዘው። የስፖርት መኪና አጋዥ ከፈለገ ምኑን ስፖርት ሆነ?» አሉና ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «እናንተስ ብትሆኑ! ቆዳው የእሽቅድድም፣ ሆዱ የቦዳቦዳ በሆነ ነገር መጥታችሁ ልጄን ልትጠይቁኝ ነው? መኪናው እንዲህ ከዋሸኝ ልጁ ምን ሊለኝ ነው?»

ሰናይት በአንድ ሺህ አምስት መቶ ዘጠና ስምንት ሲሲ ምክንያት ልታመልጠኝ ነው!

ኦቦ ጉዮ ከግንዱ ላይ ሳይነሱ «ምዜ፣ ትልቅ ሰው ሆነው ሳይነዱ ይፈርዳሉ እንዴ?» አሉ።

ጋሽ ማሞ እጃቸውን ዘረጉ። «ቁልፍ!»

ሮጬ አጠገባቸው ገባሁ። «ጋሼ፣ ሲረግጡት ጭሱ እስኪጠራቀም ትንሽ ይዘገያል። በላዩ ላይ እንዳይጨምሩበት...»

«አንተ ሳትወለድ ነው መሪ የጨበጥኩት!»

ረገጡት። ዝም። «አየህ? ተኝቷል።» ጨመሩ። ዝም። «ጋሼ፣ እባክዎን...» እስከ ወለሉ ረገጡት።

ከዚያ መጣ!

የእሾህ አጥሩን መቼ እንዳለፍነው አላየሁም። ያየሁት ፍየሎች በግራም በቀኝም ሲበሩ ነው። የጎረቤት በቆሎ ውስጥ ዐሥራ ዘጠኝ ሜትር ገብተን ቆምን። (እሱን በኋላ ነው የለካሁት።) መጥረጊያው አንዲት የበቆሎ ቅጠል መስታወቱ ላይ ወዲያና ወዲህ ያመላልሳል... ጋሽ ማሞ መሪውን በሁለት እጃቸው አንቀው ፊት ለፊት ያያሉ። አማቴን ገደልኳቸው አልኩ፤ ገና አማቴ ሳይሆኑ!

«ስንት ነው ያልከኝ?» አሉ በመጨረሻ።

«አንድ ሺህ አምስት መቶ ዘጠና ስምንት።»

«ሁለቷን ጨምረህ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ብትለኝ ምን ነበረበት?»

«የሉማ ጋሼ።»

ዘወር ብለው ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አዩ። ከዚያ መኪናዋ እስክትነቃነቅ ሳቁ። «ስለ ሞተር ሳይጨምር የነገረኝ ወንድ በዕድሜዬ አላጋጠመኝም!»

ሽማግሌዎቹ እየሮጡ ደረሱ። ድንጋጤ ጉልበታቸውን ዘርግቶላቸዋል። ጋሽ ማሞ ከመኪናው እየወጡ «ለመሆኑ ልጄን የሚጠይቀው ማን ነው?» አሉ።

ኦቦ ጉዮ በከዘራቸው ጠቆሙኝ።

«ሹፌሩ?!» ኮፍያዬን ከቅንድቤ አነሱት። «በል እሺ፣ ነውሩን አንዴ ሠርተኸዋልና ራስህ ንገረኝ። ልጄን ትፈልጋታለህ?»

አፌን ከፈትኩ። ምንም። አንድ ፍየል አስነጠሰች። አሁንም ምንም። አንደኛው ሽማግሌ ሊመልስልኝ ሲል ጋሽ ማሞ በእጃቸው ከለከሉት።

«ተዉት። ይሄም ዘግይቶ ነው የሚነሳው።»

ከዚያ መጣ! ሰናይትን መጀመሪያ ያየሁበትን ቀን፣ በሱቋ በር በቀን ሰባት ጊዜ የማልፍ መሆኔን፣ ከሰባቱ ስድስቱ ያለ ጉዳይ መሆናቸውን፣ አጥሩን በምን ያህል እሾህ እንደምጠግን፣ የጎረቤትን በቆሎ ተክዬ እንደምመልስ... ሳልተነፍስ ነገርኳቸው። ከቤት ውስጥ የሰናይት ሳቅ እስከ በቆሎው ድረስ ተሰማ።

አባት በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም፤ ቀጠሮ ይሰጣል። ጠያቂውን የጠላ አባት ቀጠሮውን በወራት ያርቀዋል። ጋሽ ማሞ የመኪናዋን ኮፈን እየዳበሱ «እሑድ ተመለሱ» አሉ። «እሷንም ይዛችኋት ኑ።»

ኦቦ ጉዮ ጥምጣማቸውን ከበቆሎ ቅጠል እያጸዱ ወደ ከተማው በእግራቸው መንገድ ጀምረው ነበር።

«መኪናዋ ትምጣ» አሉ ዘወር ሳይሉ፤ «እኛ ለእሑድ በእግራችን ከአሁኑ ተነስተናል።»