ሥዕሉ ላይ ማንም አልታመመም

(የአንድ ክሊኒክ ጓሮ ቢሮ። ዲዛይነሩና ፕሮግራመሯ ታካሚዎች ቀጠሮ የሚይዙበትን የስልክ አፕ ሠርተው ጨርሰዋል፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ለሥራ አስኪያጇ ያሳያሉ። ዲዛይነሩ በአንድ እጁ ራሱ የሣለው ያለበትን ስልክ፣ በሌላው ተሠርቶ ያለቀው ያለበትን ስልክ ይዞ፣ አንዴ ይህን አንዴ ያን እያየ ደሙ ፈልቷል።)

ዲዛይነሩ፦ ሁለት ሚሊ ሜትር ወርዷል ነው የምልሽ።

ፕሮግራመሯ፦ ምኑ?

ዲዛይነሩ፦ ቁልፉ። እኔ የሣልኩት እዚህ ጋ፤ አንቺ ያስቀመጥሽው እዚህ ጋ።

ፕሮግራመሯ፦ (አንገቷን ዘንበል አድርጋ) ሰውየው ገፍቶት ነው። የታካሚው ስም ከነአባቱ ከነአያቱ ሦስት መስመር ይዟል።

ዲዛይነሩ፦ አሳጥሪው።

ፕሮግራመሯ፦ ሰውየውን?

ዲዛይነሩ፦ ስሙን። እኔ ስሥል ሁሉም ባለ ሁለት ፊደል ነበሩ።

ፕሮግራመሯ፦ ስም ያወጡላቸው ወላጆቻቸው ናቸው ጋሼ። አንተን አላማከሩህም።

ዲዛይነሩ፦ (ለሕፃን እንደሚያስረዳ ዓይኑን ጨፍኖ) እሺ፣ እህት ዓለም። እዚህ ጋ ፈገግ ያለች ቆንጆ ሴት ነበረች። የት አደረስሻት?

ፕሮግራመሯ፦ እሷ አልታመመችም።

ዲዛይነሩ፦ ምን ማለት ነው?

ፕሮግራመሯ፦ አፑን የሚከፍተው የታመመ ነው። ፎቶውንም የሚያነሳው ራሱ ነው። ይሄኛው ጥርሱን አሞት ነው።

ዲዛይነሩ፦ ጉንጩ አብጧል እኮ። ከጀርባው ቀለም ጋር አይሄድም።

ፕሮግራመሯ፦ ሲሻለው ይሄድለት ይሆናል።

ዲዛይነሩ፦ ይሄ ቀይ ጽሑፍስ?

ፕሮግራመሯ፦ «ኔትወርክ የለም» ነው የሚለው።

ዲዛይነሩ፦ የእኔ ሥዕል ላይ ኔትወርክ ነበረ።

ፕሮግራመሯ፦ ሥዕል ኔትወርክ አይፈልግማ።

(ከኮሪደሩ የጫማ ኮቴ ተሰማ። ዲዛይነሩ ወደ በሩ ዞረ። ስድስት ወር ሙሉ በየስብሰባው የተጨበጨበለት በዚያ ሥዕል ነው። አሁን ይህን ያበጠ ጉንጭ ይዞ ቢገባ ጉድ ሊፈላ ነው።)

ዲዛይነሩ፦ ብቻዬን እገባለሁ። የማሳያቸውም ሥዕሎቹን ነው።

ፕሮግራመሯ፦ ቢነኩት እኮ አይሠራም።

ዲዛይነሩ፦ የምነካው እኔ ነኝ። አንቺ ዝም ብለሽ ተቀመጪ።

ፕሮግራመሯ፦ መቀመጡስ አያቅተኝም።

(ገባ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ለመብረር ክንፍ ብቻ ቀርቶት ተመለሰ።)

ዲዛይነሩ፦ ወደዱት። ከነገ ጠዋት ጀምሮ የካርድ ክፍሉ መስኮት ይዘጋና ሰው ሁሉ በዚህ ይስተናገድ ብለዋል።

ፕሮግራመሯ፦ በየትኛው?

ዲዛይነሩ፦ ባሳየኋቸው።

ፕሮግራመሯ፦ (ቀስ ብላ) በሥዕሉ።

ዲዛይነሩ፦ ምን ችግር አለው፤ አሁኑኑ ያንቺን ትጭኚዋለሽ።

ፕሮግራመሯ፦ ማን ሠራው ብለው ጠየቁህ?

ዲዛይነሩ፦ (ወደ መስኮቱ ዞሮ) ጠይቀዋል። እኔ ነኝ አልኳቸው። ብቻዬን። ኃላፊነቱንም ወስጄ ፈርሜያለሁ።

ፕሮግራመሯ፦ እኔንስ ምን አልከኝ?

ዲዛይነሩ፦ ያው... ለወሬ አብራኝ ትቀመጣለች አልኩ።

(በፕሮግራመሯ ስልክ መልእክት ገባ። አነበበችው። ደግማ አነበበችው።)

ፕሮግራመሯ፦ ሥራ አስኪያጇ ናቸው። «ሥራ ከሌለሽ የዓመት ፈቃድሽን ከአሁን ጀምሮ ውሰጂ» ይላሉ።

(ቦርሳዋን አነገተች። ዲዛይነሩ ፊቱ አመድ መሰለ፤ የነገው የታካሚ ሰልፍ አሁን ገና ታየው። ሁለቱንም ስልኮች ዘረጋላት።)

ዲዛይነሩ፦ ቆይ፣ ቆይ። እንዴት ነው የሚጫነው? የቱን ነው የምነካው?

ፕሮግራመሯ፦ (በሩ ላይ ቆማ፣ ከልቧ አዝናለት) እኔ ምን አውቄ ጋሼ። የሠራኸው አንተ።