የእትዬ ትርንጎ ስድብ

ወላጅ ልጁን ይስደብ ወይስ አይስደብ እያሉ ሰዎች ሲከራከሩ ሰማሁ። እኔን ማንም አልጠየቀኝም። ቢጠይቁኝ ወዲያው "አይስደብ" እል ነበር። ከዚያ ግን እትዬ ትርንጎ ትዝ ይሉኝና አፌን እይዛለሁ።

እትዬ ትርንጎ ሰቆጣ ጎረቤታችን ነበሩ፤ በጃንሆይ ጊዜ ነው። በእሳቸው ቤትና በእኛ ቤት መካከል አንድ የድንጋይ ካብ ብቻ ስለነበር የሚናገሩት ሁሉ ይሰማናል። የሚናገሩት ስላችሁ የሚሳደቡት ማለቴ ነው። እኛ ቤትስ አይሰደብም ነበር? ይሰደባል፤ ግን አባቴ አንዲት ስድብ ብቻ ነበረችው፤ "የማትረባ" የምትል። እኔንም፣ በቅሎዋንም፣ አልዘጋ ያለውን በርም የሚሰድበው በእሷው ነው። እትዬ ትርንጎ ግን በዚህ በኩል ባለጸጋ ነበሩ። አማርኛው ሲያልቅባቸው ወደ አገሩ ቋንቋ፣ ወደ ኽምጥኛ፣ ይሻገራሉ። ኽምጥኛ የማይሰማ እንግዳ እንኳ ድምፃቸውን ሰምቶ ይሸማቀቃል።

ይህ ሁሉ የሚወርደው በአንዲት ልጃቸው ላይ ነው። ስሟ ጥራጊ። አዎ፣ ከቤት ተጠርጎ የሚጣለው ጥራጊ። የክርስትና ስሟ ወለተ ማርያም ነው፤ እናቷ ግን በዚያ ስም ሲጠሯት ሰምቼ አላውቅም።

ልጅ ሳለሁ የሚጠሏት ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን እናቴን ጠየቅኋት። እናቴ ወደ ካቡ ዞር ብላ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ። እትዬ ትርንጎ ከጥራጊ በፊት የወለዷቸውን ሁሉ ቀብረዋል። አንዱን በኩፍኝ፣ ሌላውን በተቅማጥ፣ ሌላውን ደግሞ ምን እንደነካው ሳይታወቅ። ቆንጆ ስም ያወጡለት፣ ሰው ያደነቀው ሁሉ አላደገላቸውም። ስለዚህ ይህችኛዋ ስትወለድ ደጅ ጥራጊ ላይ አስተኟትና እንደ ወደቀ ነገር አንስተው አስገቧት። ሞት ማንም የማይፈልጋት መስላው እንዲያልፋት ነው።

ከዚያ ወዲህ ስድባቸውን በሌላ ጆሮ ሰማሁት። አንድ ገበያተኛ "ይቺ ልጅ ዓይኗ እንዴት ያምራል" ካለ፣ እትዬ ትርንጎ ከየት መጡ ሳይባል ይደርሳሉ። "የጉጉት ዓይን ምኑ ያምራል?" ይላሉ። ፀጉሯን ቅቤ ሲቀቧት እንኳ እጃቸው እየዳበሰ አፋቸው ይሰድባል። ጥራጊም ነገሩ የገባት ይመስለኛል፤ እየሰደቧት ጭናቸው ላይ እንቅልፍ ይወስዳት ነበር።

ልጅቱ አደገችና ከአበርገሌ ሰዎች መጥተው ጠየቋት። አባቷ በሕይወት ስላልነበሩ የእናቷ ወንድም አያ ወልዴ በአባት ቦታ ሆነው ዳሯት። በሠርጉ ዕለት ጥራጊ ተንበርክካ የሽማግሌዎቹን ጉልበት ሳመች፤ ሁሉም መረቋት። የእናቷ ተራ ሲደርስ እትዬ ትርንጎ እጃቸውን ከነጠላቸው ውስጥ አላወጡም።

"መርቂያት እንጂ" አሉ አያ ወልዴ።

"እናንተ መርቃችኋታል። ይበቃታል።"

የሙሽራው አባት ፊታቸው ተለወጠ። "እናቷ ያልመረቀቻትን ልጅ እንዴት ይዘን እንወርዳለን?" አሉ። ተቆጥተው አይደለም፤ ፈርተው ነው። የእትዬ ትርንጎ ነፍስ አባት መምሬ ታደለ ጠጋ አሉና፣ "ልጄ፣ ምርቃት ከእግዚአብሔር ነው፤ አትፍሪ" አሏቸው።

ጥራጊ ከተንበረከከችበት ቀና ብላ አየቻቸው። ይሄኔ እጃቸውን ራሷ ላይ ጫኑ።

"ወለተ ማርያም" አሉ። "ልጄ፣ የዓይኔ ብርሃን። ውለጂ፣ ክበጂ፣ ዕድሜ ይስጥሽ።"

ድምፃቸው እንዲያ መለስለስ እንደሚችል ማንም አያውቅም ነበር። ሴቶቹ አለቀሱ። ጥራጊ ግን ደነገጠች። "እምዬ፣ ምን ሆንሽ?" አለቻቸው።

በዓመቱ የሙሽራው አባት ራሳቸውን ተላጭተው መጡ። ገና በካቡ ጥግ ብቅ ሲሉ እናቴ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ጥራጊ ከምጥ አልተረፈችም። ልጇ ተርፋለች፤ ሴት ናት።

እትዬ ትርንጎ በለቅሶው ላይ ደረት አልደቁም፣ ሙሾ አላወረዱም። መምሬ ታደለ ሊያጽናኗቸው ሲመጡ፣ "በስሟ ጠራኋት" አሏቸው። "ሰው ሁሉ እየሰማ እንደምወዳት ተናገርኩ።"

"ምርቃት አይገድልም፣ ልጄ" አሉ መምሬ።

"ስድብም አልገደላትም ነበር፣ አባቴ።"

መምሬ ብዙ ያነበቡ ሰው ነበሩ። ያን ቀን ግን መስቀላቸውን አሳልመዋቸው ወጡ።

ሕፃኗን እዚያው ዘመድ አጠባቻትና ጡት ስትጥል ወደ ሰቆጣ አመጧት። እትዬ ትርንጎ አበሏት፣ አጠቧት፣ አዘሏት። ግን አይሰድቧትም፣ አይመርቋትም። ሁለቱንም ፈሩ። "ነይ"፣ "ብዪ"፣ "ተኚ"፤ ከዚህ ሌላ ቃል ከካቡ ወዲያ አይሰማም። ያን ሁሉ ዘመን በስድባቸው የተማረረችው እናቴ አሁን ደግሞ በዝምታቸው ተማረረች። ሥራዋን ትታ ጆሮዋን ታቀናለች፤ ምንም የለም። አንድ ቀን እናቴ ታናሽ እህቴን "አንቺ ቀልበ ቢስ" ስትላት የእትዬ ትርንጎ የልጅ ልጅ በራችን ላይ ቆማ ሰማች። ትንሽ አሰበችና፣

"እኔስ?" አለች።



ከዚያ በኋላ በአንድ የገበያ ቀን ይህችው ልጅ ጠፋች። ጨው ተራ ፈለግናት፤ ከብት ተራ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ወንዙ ዳር ሁሉ ፈለግናት። እትዬ ትርንጎ ነጠላቸው ወድቆ፣ ድምፅ ሳያሰሙ፣ የሰውን ሁሉ ልጅ ፊቱን እያዞሩ ያያሉ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከጋዝጊብላ ለገበያ የመጣች አንዲት ሴት ልጅቱን በእጇ ይዛ መጣች። የሴትዮዋን ግልገሎች ተከትላ ከከተማው ወጥታ ኖሯል። አፏን ሙሉ የሽምብራ ቆሎ ታኝካለች።

እትዬ ትርንጎ ከራሷ እስከ እግሯ ዳበሷት።

"አንቺ ዟሪ" አሉ ቀስ ብለው። ቃሉ አልጋ ላይ እንደሰነበተ ሰው እየተደገፈ ነው የወጣው። ከዚያ ሌላው ተከተለ። "አንቺ እግረ ቀላል። አንቺ የፍየል ጭራ። ማን ናፈቀኝ አለሽና ተመለስሽ?" እንባቸው በአገጫቸው ይወርዳል። ልጅቱ ማኘኳን ትታ፣ ቀሚሳቸውን ጨብጣ ሽቅብ ታያቸዋለች።

የጋዝጊብላዋ ሴት ጆሮዋን ማመን አቃታት። "ነውር ነው እማማ፤ ለዚህች ሕፃን እንዲህ ይባላል?" አለች።

እናቴ ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ የሴትዮዋን ክንድ ያዘች።

"እባክሽ እህቴ" አለቻት፣ "አታቋርጫቸው።"