ታደለችን ለማስቀረት የሰጠነው ሂስ

እናንተ ሰዎች፣ እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። አላስረዝምባችሁም፤ ዕድሜዬን በሹፌርነት የጨረስኩ ነኝና ብዙ ቁጭ ማለትም ወገቤ አይፈቅድልኝም።

አለቃን ማሳመን በትምህርት ቤት አይሰጥም። ቢሰጥ ኖሮ እኔም እስከ መጨረሻው እማር ነበር። አንዱ አለቃው ቀልዱን ሳይጨርስ ይስቅለታል። ሌላው በአለቃው ሚስት በኩል ይዞርና «እንዲያው ለልጆቹ ብዬ ነው» እያለ ከሌሞ ገጠር የመጣ ቅቤ ያስገባል። ብልጡ ደግሞ የራሱን ሐሳብ «ጓድ ባለፈው እንዳሉት» ብሎ ይጀምራል፤ አለቃው መቼ እንዳለው ሲያስብ ጉዳዩ ያልቃል። ይቺን ሞክሯት፣ ትሠራለች።

ሆሳዕና፣ በደርግ ጊዜ፣ እኛ መሥሪያ ቤት የነበረው ኃላፊ ግን በአንዱም አይያዝም። ብታመሰግነው «ምን ፈልገህ ነው?» ይልሃል። ቅቤውን ይመልሳል። መስኮት ይከፈት ካልን ያዘጋል፣ ይዘጋ ካልን ያስከፍታል። ክፉ ሰው አልነበረም። ሠራተኛ አንድ ነገር ከፈለገ ከጀርባው ሴራ አለ ብሎ ያምናል፣ በቃ።

መድኃኒቱን ያገኘው ዘበኛችን ኤርሲዶ ነው። መስቀል በኛ አገር የአንድ ቀን ነገር እንዳልሆነ ታውቃላችሁ፤ ሰው ዓመቱን ሙሉ ተዘጋጅቶ አገር ቤት ይገባል። እኛ ግን ፈቃድ በጠየቅን ቁጥር ሥራ ይበዛብናል። አንድ ዓመት ኤርሲዶ ተናዶ፣ «ጓድ፣ ዘንድሮ መስቀልን እዚሁ በሥራ ብናሳልፈውስ?» አለው። ሰውየው ተቆጣ። የሰፊውን ሕዝብ ባህል ማን ናቂ አደረገህ ብሎ ሁላችንንም አሰናበተን። በሬው ከመታረዱ በፊት ቤታችን ደረስን።

ታዲያ አንድ ክረምት፣ ሀደሮ ያለው ቅርንጫፍ ታይፒስት ስለሌለው ታደለች ትሄዳለች የሚል ወሬ ወጣ። ታደለች የኛ ታይፒስት ናት። ባሏ ሆሳዕና አስተማሪ ነው፣ ጡት የሚጠባ ልጅ አላት፣ የዚያን ጊዜውን የክረምት ጭቃ ደግሞ ለእኔ ተዉት። አንድ ጠዋት ፊቷ በለቅሶ አብጦ ቢሮ ገባች። ሽማግሌ እንላክ አልን። የምናውቃቸው ሽማግሌዎች ግን ጸሎት ቤታቸው በመንግሥት ታሽጎባቸው ራሳቸው ሽማግሌ የሚላክላቸው አጥተው ነበር።

ሒሳብ ሹሙ ጋሽ ላምቤቦ ናቸው የመስቀሉን ዘዴ ያስታወሱን። ረቡዕ ከሰዓት የውይይት ክበብ አለ፣ እዚያ ሂስና ግለ ሂስ ይደረጋል። ሁላችንም ታደለችን እንሂሳትና ሀደሮ ትሂድልን እንበል፤ እሱ ደግሞ እኛን እንቢ ለማለት ሲል ያስቀራታል። ታደለችም ሰምታ ሳቀች። «በደንብ አድርጋችሁ ንቀፉኝ» ብላ እሷው ለመነችን።

ረቡዕ ደረሰ። ጋሽ ላምቤቦ ተነሡና ጓዲት ታደለች ጠዋት ታረፍዳለች አሉ። እንደ ተባባልነው ነው፤ ታደለችም አቀርቅራ ፈገግ አለች። ቀጥሎ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ተነሣ። ታይፕ ስትመታ ማሽኑን አማቷ አስመሰለችው አለ። ተሳቀ። ሳቁ ነው መሰለኝ ያበላሸን። ኤርሲዶ ተነሥቶ፣ ምሳዋን በክዳኑና በክንዷ ጋርዳ እንደምትበላ፣ የቆጮዋ ቅቤ ሸትቶት አንድ ቀን እንኳ ብላ እንዳላለችው ተናገረ። ይሄ በስምምነታችን ውስጥ አልነበረም። እኔም አላረፍኩም፤ መኪናዬ ላይ ቦታ ስትፈልግ ብቻ ወንድሜ እንደምትለኝ አነሣሁ። ከዚያማ ማን ይመልሰን! ጋሽ ላምቤቦ እንደገና እጅ አወጡና፣ ባሏ አስተማሪ ስለሆነ ትኮራብናለች አሉ። ድምፃቸው ሲንቀጠቀጥ ሰማሁ። የእውነት ነበር።

ታደለች ፈገግታዋን የት እንዳደረገችው አላየሁም። ግለ ሂስ አድርጊ ተባለችና ቆመች። «እቀበላለሁ» ብላ ተቀመጠች።

ኃላፊው መነጽሩን አወለቀ። እንዲህ ያለ ችግር ወደ ሀደሮ ሕዝብ አይላክም፣ አለ። ሌላ ታይፒስት ይፈለግ፤ ጓዲት ታደለች እዚሁ በመካከላችሁ ሆና ትታረማለች፣ አለና ስብሰባውን ዘጋ።

አሸነፍን ማለት ነው። እየተገፋፋን ወጣን፤ ኤርሲዶማ ዛሬ ሻይ በታደለች ነው እያለ በሩ ላይ ጠበቃት። ነጠላዋን እያጣፋች መጣች። ጋሽ ላምቤቦ እጃቸውን ዘርግተው፣ «እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ፣ ቀረሽልን» አሏት።

እጃቸውን አልጨበጠችም። ሁላችንንም በየተራ አየችን።

«ጋሽ ላምቤቦ» አለች፣ «ሀደሮ ይሻለኝ ነበር።»