ዶማ ያልነካው የጎረቤላ ጓሮ

በገዛ ፈቃዱ የሚሠራን ሰው መለየት ትፈልጋላችሁ? ስሙ ሲጠራ «አቤት» የሚለውን ፈልጉ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ጎረቤቴ «ጋሼ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሩ አትክልት ቦታ በፈቃደኝነት እየሠራሁ ነው» ስትለኝ፣ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ጥያቄ «ስም የሚጠራው ማነው?» የሚል ነበር። ማንም አይጠራም አለችኝ። ማንም ካልጠራ ታዲያ መሥራቷ በምን ይታወቃል? እሷ ሳቀች። እኔ ግን ከልቤ ነበር የጠየቅኋት፤ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

በደርግ ዘመን ነው። የአንድ ጋዜጣ ዘጋቢ ሆኜ አንኮበር ተመድቤ፣ ጎረቤላ ከተማ እትዬ የሺ የሚባሉ ሴት ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። የአገሩን ብርድ የማያውቅ ሰው ቢነግሩት «አጋነንክ» ይላልና፣ እኔም ማጋነን ስለማልወድ አልፈዋለሁ። ጠዋት ጠዋት ብዕሬን ብብቴ ውስጥ ሳላሞቅ አልጽፍም ነበር ብል ግን ያየሁትን ነው።

ቀበሌያችን ከከተማው ዳር፣ ቁልቁለቱ ሊጀምር ሲል፣ የኅብረት አትክልት ቦታ ነበረው። ቦታው ማስተማሪያም ነው። አስተማሪው ጥላሁን የሚባል የግብርና ሠራተኛ ነበር፤ ቀጭን፣ ትሑት፣ ሚስቱ ነፍሰ ጡር የሆነችበት ሰው። የተሰጠው መመሪያ አጭር ነው፦ መሬቱ አንድ ክንድ ይቆፈር፣ ድንች ይተከል፣ ሕዝቡ ይማር። ቦታው ለአንድ ሰው ጉልበት አይቀመስም፤ ስለዚህ ነዋሪው «በፈቃደኝነት» እንዲወጣ ተወሰነ። ያልወጣ ከቀበሌው ሱቅ የወሩን ስኳር አያገኝም። ፈቃዱ እንግዲህ የስኳሩ ነበር ማለት ነው።

ችግሩ ቀኑ ላይ ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር ብልህ ነኝ ብሎ ሰዉ ከቤቱ የሚገኝበትን ቀን መረጠ። የጎረቤላ ሰው ደግሞ ከቤቱ የሚገኘው መቼ ነው? በበዓል ቀን ነዋ። በአዘቦቱ ሁሉም ማሳው ላይ ነው። እናም የመጀመሪያው ዘመቻ በሰኔ ሚካኤል ዕለት ዋለ፤ ማለትም በዓመቱ ውስጥ ዶማ ማንሳት ቀርቶ ዶማ ማሰብ በማይገባበት ቀን።

ስም ተጠራ፤ ሁላችንም «አቤት» አልን። ሊቀመንበሩ ድንጋይ ላይ ወጣና ንግግር አደረገ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው፤ ስለዚህ ጓዶች፣ ዶማችሁን አንሡ!»

ማንም አላነሣም።

«ሎሚማ ታች አሊዩ አምባ ነው ያለው» አሉ እትዬ የሺ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «ሎሚ ከሆነ አምጡና እንሸከም።»

ሊቀመንበሩ ዓይኑን ወደ የኔታ ላከ። የኔታ የሚካኤል ደብር መሪጌታ ናቸው፤ ሊቀመንበሩን ራሱን ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ስለሆኑ፣ በእሳቸው ላይ ድምፁን ከፍ የሚያደርግበት ጉሮሮ አልነበረውም።

«የኔታ፣ እርስዎ እንኳ ይናገሩ እንጂ።»

«ምን ልናገር ልጄ? በሚካኤል ቀን መሬት የቆፈረ በረዶ ይጠራል። እህሉ ገና ቡቃያ ነው።»

ሊቀመንበሩ የመጨረሻ ተስፋውን ፈለገ፤ አገኘውም። ሐሰን የአሊዩ አምባ ተወላጅ፣ ጎረቤላ ላይ የበርበሬና የጥጥ ሱቅ ያለው ነጋዴ ነው። «ጓድ ሐሰን፣ አንተን ሚካኤል አያግድህም። እስኪ ጀምርላቸው።»

ሐሰን ዶማውን አየ፤ ከዚያ ሕዝቡን አየ። «ወላሂ ለመቆፈሩ አልሰንፍም» አለ። «ግን ጓድ ሊቀመንበር፣ ነገ በረዶ ቢወርድ በማን ይሳበባል? ሱቄን ከነበርበሬዬ ነው የሚቆፍሩልኝ።»

«እንዲያውም ዛሬውኑ» አሉ እትዬ የሺ።

እኔ ዘጋቢ ነኝና ዶማዎቹን ቆጠርኩ። ሰባት ናቸው፤ ሰባቱም እንደታጠበ ሳህን ንጹሕ። ጥላሁን ላቡን እየጠረገ መሐላችን ቆሟል፤ በዚያ ብርድ ላብ ያየሁት እሱ ግንባር ላይ ብቻ ነው። በመጨረሻ በለሆሳስ «የኔታ፣ መቆፈሩስ ይቅር፤ ገለባ መሸከም ይፈቀዳል?» ብሎ ጠየቀ።

«ለከብት ይሸከሙ የለ? ይፈቀዳል።»

«ፍግስ?»

«ፍግ ቆሻሻ ማንሣት ነው። ንጽሕና በበዓል ይወደዳል።»

«ፍጉን መሬቱ ላይ ብናስቀምጠው፣ ገለባውን ደግሞ በላዩ ብናለብሰው?»

የኔታ ጢማቸውን አሻሹ። «ማልበስ መልካም ሥራ ነው። የታረዘ አልብሱ ተብሏል።»

የቀረው ድንቹ ነው። መትከል አይቻልም፤ መትከል ጉድጓድ ይፈልጋል። ጥላሁን በጣት ቢሆንስ ብሎ ሞከረ፤ የኔታ «ጣት የመሬት ሆድ ከገባ እሱም ዶማ ነው» ብለው ፈረዱ። ስለዚህ ድንቹን አልተከልነውም። አስቀመጥነው። ፍጉ ላይ በመስመር ደርድረን፣ ሕፃን እንደምታለብሱ፣ ዝናብ መትቶት ከብት እምቢ ያለውን ገለባ ደረብንበት። እትዬ የሺ ከጓሯቸው የወጣውን ፍግ እያዩ «ምድጃዬን ነው የምትቀብሩት፤ ኩበት ይሆነኝ ነበር» እያሉ ቢያማርሩም ስኳራቸውን አስበው ተሸከሙ። በሚቀጥለውም፣ ከዚያ በሚቀጥለውም የዘመቻ ቀን በዓል ነበርና እንዲሁ ገለባ ስንደርብ ዋልን።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። ዜና መላክ ነበረብኝ፤ ሐሰት አልጽፍም። ስለዚህ «ነዋሪዎቹ ሰባት ዶማ ይዘው ወደ አትክልቱ ቦታ ወጥተዋል» ብዬ ጻፍኩ። ቃል በቃል እውነት ነው፤ ቁጥሩ እንኳ ተጣርቷል። አዲስ አበባ ያለው አዘጋጅ ግን ዶማ ተይዞ ሳይቆፈር ይዋላል ብሎ እንዴት ይጠርጥር? ጋዜጣው ሲመጣ «ነዋሪዎቹ መሬቱን አንድ ክንድ ቆፍረው ገለበጡት» ይላል፤ ከሥሩ የእኔ ስም።

የፈሩት ይደርሳል ነውና በነሐሴ ደብዳቤ ደረሰ። ይህን አርአያ የሆነ ጥልቅ ቁፋሮ ለማየት አንድ ከፍተኛ የግብርና ባለሙያ በመስከረም ማለቂያ ይመጣሉ። ሊቀመንበሩ እኔንና ጥላሁንን ቢሮው ጠርቶ ደብዳቤውን አነበበልንና ወደ ጥላሁን ዞረ።

«መሬቱ ያልተቆፈረ ሆኖ ከተገኘ ኃላፊነቱ የባለሙያው ነው። አንድ የሰፈራ ጣቢያ የግብርና ሠራተኛ እየፈለጉ ነው፤ በረሃ ነው፤ መኪና እስከዚያ አይደርስም።»

«ጓድ፣ ባለቤቴ ስምንተኛ ወሯ ነው...»

«ታዲያ ቆፍር!»

«አሁን ከተቆፈረ ድንቹ ያልቃል። ድንቹ ካለቀ ምን ላሳያቸው?»

ይህን ጥያቄ የሚመልስ መመሪያ አልተገኘም። ከቢሮው ስንወጣ ጥላሁን እኔን አልወቀሰኝም። «አንተማ የጻፍከው እውነቱን ነው» አለኝ ብቻ። ሰድቦኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ሌሊቱን ስለ ሰባቱ ዶማ ሳስብ አደርኩ፤ ቁጥራቸውን ባላጣራ ኖሮ ዜናው ያን ያህል ባላማረ ነበር።

ሊቀመንበሩ በበኩሉ መላ ዘየደ። በአንድ ረቡዕ፣ በዓል በሌለበት፣ የቀበሌውን ጥበቃዎች አሰማርቶ ከአትክልቱ ቦታ መንገድ ዳር ያለውን ባዶ መደብ በእውነተኛ አንድ ክንድ አስቆፈረ። ምናልባት እንግዳው ከዚያ አይዘልቁም ብሎ ነው። መደቡ ሲያዩት ያምራል፤ ጥቁር፣ ልስልስ፣ እንደ ተፈተለ ጥጥ የተባዘተ። በሦስተኛው ቀን የነሐሴ ዝናብ መጣ። በአራተኛው ቀን መደቡ አልነበረም። ድንጋዩ ብቻ ጥርሱን አግጥጦ ቀረ።

ሐሰን ከገበያ ሲመለስ ሊቀመንበሩን አገኘው። «አፈርህን አሊዩ አምባ አይቼዋለሁ» አለው። «ገበያ ወርዶ ነበር። ገዢ አላገኘም።»

ባለሙያው በቀጠሯቸው መጡ። ጠና ያሉ፣ ቦት ጫማ ያደረጉ፣ ትንሽ የሚናገሩ ሰው ናቸው። መንገድ ዳር ያለውን ድንጋይ አዩና አልፈው ወደ አትክልቱ ቦታ ገቡ። እኛ ተሰልፈናል፤ ስም ተጠርቶ «አቤት» ብለናል። ጥላሁን ከሰልፉ ጫፍ ነው። ሚስቱ ዕቃ ጠቅልላ ቤት እንደምትጠብቅ ሁላችንም እናውቃለን።

እንግዳው ተንበረከኩና ገለባውን በእጃቸው ገለጥ አደረጉ። ድንቹ ተደርድሮ ተኝቷል፤ ንጹሕ፣ የጡጫ ያህል። ሌላ ቦታ ገለጡ፤ ሌላ ድንች። ጣታቸውን ወደ ታች ሰደዱ፤ አፈሩ እርጥብ ነው፤ ትሉ ይርመሰመሳል። ከዚያ የፈራነው መጣ። በያዙት ዱላ ጫፍ ቆርቆር አደረጉ፤ የአምናው ሣር ሥር ከነአገዳው ብቅ አለ።

«ይህን መሬት ዶማ አልነካውም» አሉ።

ሊቀመንበሩ ወደ ጥላሁን ተመለከተ። ጥላሁን መሬት መሬቱን ያያል።

«ውሃው አልሸሸም፤ አፈሩ አልታጠበም። እኛ ይህን በወረቀት ስንከራከርበት ዓመታችን ነው፤ እናንተ ሠርታችሁ አስቀምጣችሁታል። ያልተቆፈረ፣ የለበሰ መሬት። ማነው ይህን ያስተማራችሁ?»

ከሰልፉ መሐል የኔታ፣ እውነትን መደበቅ የማይሆንላቸው ሰው፣ «ሚካኤል» አሉ።

«ሚካኤል? የት ነው የሚሠራው?»

ሊቀመንበሩ በሕይወቱ እንዲያ ፈጥኖ አያውቅም። «ተዛውሯል» አለ።

«እንዲህ ያለ ሠራተኛ ይለቀቃል?» እንግዳው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ረዳቱስ ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ጥላሁን፤ አልዋሸም።

«አንተንም እንዳይወስዱህ!» አሉና ሊቀመንበሩ ፊት ማስታወሻ ደብተራቸው ላይ ጻፉት። የበረሃው ጉዳይ በዚሁ ተዘጋ። በሳምንቱ የጥላሁን ሚስት በሰላም ወንድ ልጅ ተገላገለች። ኋላ ክርስትና ሲነሣ ስሙ ኃይለ ሚካኤል ተባለ፤ ሌላ ስም ቢወጣለት ጎረቤላ የምትቀበል አይመስለኝም።

እዚህ ላይ ብንጨርስ ጥሩ ነበር። ግን ሥራ ያማረለት ሊቀመንበር መመሪያ ሳያወጣ አይተኛም። «ከዛሬ ጀምሮ መሬት አይቆፈርም» የሚል ማስታወቂያ ቀበሌው በር ላይ ተለጠፈ። አለመቆፈሩም በዘመቻ ሆነ። ዘወትር ረቡዕ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ስድስት፣ ነዋሪው በፈቃደኝነት ወደ አትክልቱ ቦታ ወጥቶ አይቆፍርም። ስም ይጠራል። ሰዉ «አቤት» ብሎ፣ አራት ሰዓት ሙሉ ሳይቆፍር ቆሞ፣ ወደ ማሳው ይሄድና በገዛ ዶማው ሲቆፍር ይመሻል።

እኔ አንድ ረቡዕ ዜና ስጽፍ ረፈደብኝና ቀረሁ። በማግስቱ ተጠራሁ።

«ትናንት የት ነበርክ?»

«ቤቴ ነበርኩ፤ እጽፍ ነበር።»

«ሕዝቡ ሳይቆፍር ሲውል አንተ ቀርተሃል።»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔም እኮ አልቆፈርኩም። እትዬ የሺን መጠየቅ ይቻላል።»

«እሱ የግል አለመቆፈር ነው» አለኝ፣ መዝገቡን እየዘጋ። «እኛ የምንፈልገው የኅብረቱን ነው።»

የወሩ ስኳሬ ታገደ። እትዬ የሺ ሻዩን መራራውን አቀረቡልኝና ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። «አይ ጋዜጠኛው» አሉ፤ «ዶማ ይዘህ የማታውቅ ሰው፣ ባለመቆፈርም ሰነፍክ?»

ለጎረቤቴ ይህን ሁሉ ከነገርኳት በኋላ፣ ቅዳሜ አትክልት ቦታዋን ላይላት ቀጠሮ ይዘናል። እሄዳለሁ። ብቻ እዚያ ስደርስ አንድ ሰው ስሜን ይጥራልኝ ብያታለሁ፤ ሳልቆፍር ብውል እንኳ ይመዝገብልኝ።