ጋሽ ታዬ ዝም ያሉ ዕለት

ጸጥታን እየጮኸ የሚያደንቅ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? የመሐል ሜዳው ጎረቤቴ ጋሽ ታዬ እንዲህ ናቸው። ጓሳ ጥብቅ ቦታ እንደደረስን «ወይ ጸጥታ! ጆሮዬ አረፈ!» ብለው ሲጮኹ ጭላዳዎቹ ወደ ገደሉ ተንደረደሩ። ማዶ የቆመውን ጠባቂ ሲያዩ ደግሞ ሰላምታ ይቅር እንዴ? «እንዴት ዋልክ? ልጆቹ? በጎቹ? ገብሱስ?»

ጠባቂው ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ወደ ሣሩ ጠቆመን። ቀይ ቀበሮ! ጩኸታችንን ከቁብ ሳትቆጥር ፍልፈል ለመያዝ ታደባለች። ጋሽ ታዬ አፋቸውን ከፈቱና... ገጠሙት። እመኑኝ፣ ገጠሙት! ሌላው ጎብኚ ቀበሮዋን ፎቶ ሲያነሳ እኔ እሳቸውን አነሳሁ።

ስንመለስ እንደ ጀግና እየተንጎራደድኩ ፎቶውን ለባለቤታቸው ለእትዬ አስካለ አሳየሁ። ስልኩን ቀረብ፣ ራቅ አድርገው አዩት።

«ኮቱስ የእሳቸው ነው» አሉኝ፤ «ለብሶት የቆመው ሰውዬ ማን ነው?»